ወግ ወይስ የሳይንስ ልብ ወለድ? አንድ መጽሐፍ ወይስ ሁለት? ከከተማ ዳር ለሚጽፉ የምርጫ መመሪያ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ ወይም ሰበታ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው ነገር አያጣም። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ መብራት ሳይሰናበት ይሄዳል፤ የጽሕፈት ቤቱ መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» የምትል ወረቀት ከለጣፊዋ በላይ ትሰነብታለች። ቤቱ ካለበት ሳይነቃነቅ ከተማው የተቀየረበትም ሰው አለ፤ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት የስንቱ አድራሻ በአንድ ጀምበር ሌላ ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር ለመጻፍ ሁለት መንገዶች ጎልተው ይታያሉ፦ በራስ አንደበት የሚነገር ወግ፣ ወይም እያሳቀ የሚወጋ የሳይንስ ልብ ወለድ አጭር ታሪክ። ብዙ ጸሐፊ ሁለቱንም ይሞክራል። የሚበላሸው የወጉን ጉዳይ ሮቦት አስገብቶ ሲጽፈው፣ የሮቦቱን ጉዳይ ደግሞ በወግ ሲያለቃቅስበት ነው።

መለያው ጥያቄ አንድ ነው፦ በጉዳዩ ጥፋተኛው ማን ነው? የእናንተም እጅ ካለበት በወግ ጻፉት። ጥፋተኛው አሠራር፣ መመሪያ ወይም ሰው ሁሉ ሳያንገራግር የተቀበለው ልማድ ከሆነ፣ ማለትም አንገቱን የምትይዙት አንድ ሰው ከሌለ፣ ወደ ሳይንስ ልብ ወለዱ ውሰዱት። ከሁለቱም የወጣ፣ አንድ የታወቀ ሰው ብቻ የበደላችሁ ነገር ለጊዜው የአቤቱታ ደብዳቤ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ ለመሆን ገና ይቀረዋል።

አንድ ጉዳይ በሁለት አጻጻፍ

ውኃን እንውሰድ። አሳንሰር በሌለው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ግፊቱ ደከም ሲል ምድር ቤት ያለው ይቀዳል፤ ላይ ያለው ቧንቧ ግን አየር ብቻ ይተፋል። ስለዚህ ሰው ሌሊት እየነቃ ይጠብቃል። በወግ ሲጻፍ አጀማመሩ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«በእኛ ብሎክ ውኃ የምትመጣው ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ነው። ነቅቶ የሚቀዳ ሰው የተኛውን አይቀሰቅስም፤ ሁሉም ከነቃ ግፊቱ ይደክማላ! ፊት ለፊቴ ያሉት እማማ ጆሯቸው ከበድ ይላል፤ የሚነቁት በባልዲ ኳኳታ ነው። እኔ ባልዲዬን ምንጣፍ ላይ ማስቀመጥ የጀመርኩት ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አልናገርም።»

የዚህ አጀማመር ጉልበቱ ያለው ምንጣፉ ላይ ነው። ማንም ባለሥልጣን አልተወቀሰም፤ የከተማው ውኃ አቅርቦት አልተተነተነም። ተራኪው ራሱን አጋልጦ ሰጠ፣ አንባቢውም የራሱን ባልዲ አስታወሰ። ያው ጉዳይ በሳይንስ ልብ ወለድ ሲመጣ፦

«ሐሙስ ሌሊት በብሎክ 9 ውኃው ከታች ወደ ላይ መፍሰስ ጀመረ። አራተኛ ፎቅ ያሉት እልል አሉ፤ ምድር ቤት ያሉት ማመልከቻ አስገቡ። ሰኞ የመጣው ምላሽ ‹በርዕሱ እንደተጠቀሰው የስበት ኃይል ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በፈረቃ የሚሰጥ መሆኑን እየገለጽን፣ ነዋሪዎች በተመደበላቸው ቀን ሕፃናትንና ቀላል የቤት ዕቃዎችን አስረው እንዲቆዩ እናሳስባለን› ይላል።»

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ እንደ ሒሳብ ነው። አንድ የማይሆን ነገር አስገብታችኋል፤ ሁለተኛ አይጨመርም። ስበቱ በፈረቃ በሆነበት ሰፈር ድመቷም ከተናገረች አንባቢው «ያው ሁሉም ይቻላል» ብሎ መጨነቁን ይተዋል። ይልቅ ከዚያች ከአንዷ ነገር ቢያንስ ሦስት ውጤት አውጡ፤ ሦስቱም በሥርዓት የሚከተሉ ይሁኑ። የመጀመሪያው ቀላል ነው፦ ደላላው የአራተኛ ፎቅን ኪራይ ከፍ አደረገ። ሁለተኛው ትንሽ ያስቃል፦ ጎረቤታሞች የስበት ቀን መለዋወጥ ጀመሩ፣ ሠርግ ያለበት ሰው ሁለት ቀን ተበደረ። ሦስተኛው ነው የሚወጋው፦ ስበት ተቋርጦበት የማያውቅ አንድ ብሎክ አለ፤ ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጠይቅም። ሦስተኛውን ውጤት ካላገኛችሁ ታሪኩ ቀልድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለሁለት ሳምንት አስቀምጡትና ተመለሱበት፤ አሁንም ካልመጣ ጣሉት።

ደብዳቤውን አስቂኝ ለማድረግ መሞከር የተለመደ ስሕተት ነው። የቢሮ አማርኛ ሳይነካ ሲቀርብ በራሱ ያስቃል። ቁጥር ይኑረው፣ ቀን ይኑረው፣ ማኅተም ይኑረው፤ ጸሐፊውም አንዳች እንግዳ ነገር የጻፈ አይምሰለው። ቀልድ ካማራችሁ ቦታው «ግልባጭ» ከሚለው ሥር ነው፤ እዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ፍጠሩ።

ስለዚህ ምንጣፉ በሳይንስ ልብ ወለዱ ውስጥ ቢገባ ይባክናል፤ ስበት በፈረቃ የሚያድል መሥሪያ ቤት ባለበት ታሪክ የአንድ ሰው ትንሽ ስስት አትታይም። ያልተቋረጠበት ብሎክ ደግሞ በወግ ቢነገር ሐሜት ይሆናል። ሁለቱን አጻጻፎች በአንድ ጽሑፍ መቀላቀል የማይመከረው ለዚህ ነው።

ርዝመትና የተለመዱ ብልሽቶች

ወግ ከ700 እስከ 1,200 ቃል ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጉዳይ ይዟል፤ ክፈሉት። የሳይንስ ልብ ወለዱ መጀመሪያ ዓለሙን ማቆም ስላለበት ከ2,000 እስከ 3,500 ቃል ይፈልጋል፤ ሆኖም የተቀየረው ነገር ምን እንደሆነ በመጀመሪያዎቹ 300 ቃላት ውስጥ መታወቅ አለበት። በአራተኛው ገጽ የሚገለጥ ምስጢር ለወንጀል ታሪክ ይሁን፤ ሽሙጥ የሚሠራው አንባቢው ደንቡን ከገጸ ባሕርያቱ እኩል ሲያውቅ ነው።

ወግን የሚገድለው መጨረሻው ላይ የሚለጠፍ ምክር ነው። ሁለተኛው ገዳይ «እኛ ኢትዮጵያውያን እኮ» ብሎ የሚጀምር ዐረፍተ ነገር፤ ተራኪው ከራሱ ጥፋት ወደ ሕዝብ መሐል ሸሽቶ የሚደበቅበት ነው። ረቂቁን አንብባችሁ በ«እኛ» የሚጀምረውን ሁሉ ሰርዙ፤ ምንም ካልጎደለ ድሮም ትርፍ ነበር።

የሳይንስ ልብ ወለድ መፈተኛው ከዚህ ይቀላል። «ሮቦት» የሚለውን በሙሉ «ዘበኛ» በሚል ተኩ። ታሪኩ ሳይናጋ ከቆመ ሮቦት አላስፈለጋችሁም። ሮቦቱ ሊጠቅም የሚችለው ዘበኛ የማይችለውን አንድ ነገር ሲያደርግ ነው፦ ሻይ ቡና የማይቀበል ነገር ግን ሕጉን ቃል በቃል የሚፈጽም ሠራተኛ ቢመጣ፣ ጉቦ ጠያቂው ሲሄድ የቀረው መመሪያ ራሱ ምን ያህል ጨካኝ እንደነበረ ይታያል። ይህ ታሪክ ከዘበኛ ጋር አይጻፍም።

ከእውነተኛው ዓለም የምትወስዱት ዝርዝር ደግሞ ልክ መሆን አለበት፤ አንባቢ የማይሆነውን ነገር የሚያምናችሁ የሚያውቀውን ነገር በትክክል ስትጽፉለት ነው። የፋይዳ ቁጥር 12 አሃዝ ነው። በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ያሉት ሁለት ቴሌስኮፖች መስታወታቸው 1 ሜትር ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ሳተላይት የመጠቀችው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ነው፤ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነበረች፤ እንዲህ ያለች ዝቅ ብላ የምትዞር ሳተላይት ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር 100 ደቂቃ እንኳ አይፈጅባትም። ስለዚህ «ሳተላይቷ ቀኑን ሙሉ ኮንዶሚኒየሙ አናት ላይ ቆማ የታክሲ ሰልፉን ትመለከት ነበር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ወይ ዐውቆ እየቀለደ መሆኑን ያሳይ፣ ወይ በሰፈሩ አናት የምታልፍበትን ጥቂት ደቂቃ ይጠቀም። ሁለተኛው የተሻለ ታሪክ ይሰጣል፦ ሰልፉ ቀጥ የሚለው እሷ ስታልፍ ብቻ ይሆናል።

ዓመተ ምሕረትም ያደናቅፋል። ታሪካችሁ በ2050 ዓ.ም. ከሆነ በፈረንጆቹ ከ2057 መስከረም እስከ 2058 መስከረም ማለት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። አንዱን ቆጠራ መርጣችሁ በመጽሐፉ ሙሉ ጽኑበት። ሰዓትም እንዲሁ፦ ማሽን ሲናገር «13፡00»፣ ሰው ሲናገር «ከቀኑ 7 ሰዓት» ማለት ይቻላል፤ እንዲያውም ጥሩ መለያ ይሆናል። ማርስ ላይ ለሚጽፍ ደግሞ የዚያ አንድ ቀን 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ያህል ነው። ትርፏ 39 ደቂቃ ለማን ትሰጥ የሚል ኮሚቴ ራሱ አንድ ታሪክ ነው።

ቅርብ ጊዜን የሚጽፍ ሰው እውነታው ሊቀድመው ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ከኮምፒውተር ሥርዓቱ ጋር በተያያዘ ችግር ተሰረዘ። ከዚያ በፊት «ዕጣ አውጪው ማሽን ተሳሳተ» የሚል ታሪክ የነበረው ሰው ማታውኑ ዜና ዘጋቢ ሆኖ አደረ። መፍትሔው ወደ ሩቅ ዘመን መሸሽ አይመስለንም። ማሽኑን ትታችሁ ሰዎቹ ላይ አተኩሩ፦ ዕጣው ትክክል ሆኖ ማንም ያላመነበት ከተማ ምን ይመስላል? ይህን ዜና አይቀድመውም።

ማን ይከፋዋል?

እዚህ ላይ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። በወግ ውስጥ «እኔ» ያለው ጸሐፊው ነው ተብሎ ይነበባል፤ ስለዚህ ጎረቤቱ፣ አከራዩ፣ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሁሉ በቀላሉ ይታወቃሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የብሎክ ቁጥርና ፎቅ መጻፍ ስም ከመጻፍ አይተናነስም። ስም መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ሥራውን፣ ፎቁንና ዕድሜውን ቀይሩ፣ ወይም ሁለት ሰዎችን አንድ አድርጉ። ተራኪው ላይ ግን አትቀይሩ፤ ወጉን ወግ ያደረገው እሱ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2044 ጀምሮ ስለ ስም ማጥፋት ይደነግጋል፤ «ልጎዳው አስቤ አልነበረም» ማለት ብቻውን እንደማያድን ማወቅ ይበጃል። ሳይንስ ልብ ወለዱ ከዚህ የሚጠብቀው በከፊል ነው። የወረዳውን ኃላፊ በአረንጓዴ ፍጡር ብትተኩትና ፍጡሩ የሰውየውን ባርኔጣ፣ አነጋገርና መኪና ይዞ ከቀረበ ሁሉም ያውቀዋል። ጥፋተኛው አሠራር ይሁን ያልነው ለሥነ ጽሑፉ ብቻ ብለን አይደለም።

በአንድ ጥራዝ ወይስ በሁለት?

በአንድ መጽሐፍ ላይ በአንድ ሰው የተጻፉ 12 ወጎችና 8 ታሪኮች አሉ እንበል። ወጎቹ በአማካይ 900 ቃል ቢሆኑ 10,800፣ ታሪኮቹ 2,800 ቢሆኑ 22,400 ቃል ይወጣሉ። በኤ5 ገጽ፣ በ12 ነጥብ ፊደል ወደ 230 የአማርኛ ቃል ይገባል። ስለዚህ ወጎቹ 47፣ ታሪኮቹ 97 ገጽ ያህል ናቸው። የርዕስ፣ የማውጫና የባዶ ገጾችን 12 ብትጨምሩ ድምሩ 156 ነው። መጽሐፍ በ16 በ16 ገጽ እየታጠፈ ስለሚጠረዝ ወደ 160 ይጠጋል፤ አራት ገጽ ብቻ ነው የሚተርፋችሁ።

ለብቻ ቢታተሙ ወጎቹ ከነመግቢያው 64 ገጽ ይሆናሉ። ይህ በ70 ግራም ወረቀት (ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው) 3 ሚሊ ሜትር የማትሞላ ጀርባ ነው፤ ርዕስ አይጻፍበትም፣ በሙጫ ቢጠረዝም ሁለት ጊዜ ሲገለጥ ይፈታል። ጀርባው ባዶ የሆነ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ እንደሌለ ይቆጠራል። የግድ ከተለየ መሐሉ ላይ በሽቦ ይሰፋ። 160 ገጹ ግን 7 ሚሊ ሜትር ጀርባ ይኖረዋል፤ ርዕስና የጸሐፊ ስም በደንብ ይይዛል።

ስለዚህ ለመጀመሪያ መጽሐፍ አንድ ጥራዝ እንመርጣለን። ተቃራኒው ምክንያትም ቀላል አይደለም፦ ወግ የሚገዛው ሰው ጽሑፉን ከሕይወት ስለሚጠብቅ ስበት በፈረቃ ሲመጣበት ወጉንም መጠራጠር ይጀምራል። ይህን የሚያስተካክለው አደራደር ነው። ሁለት ክፍል አድርጎ ወጉን ፊት፣ ታሪኩን ኋላ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ችግሩ ብዙ አንባቢ ሁለተኛውን ክፍል ሳይነካ ይተወዋል። የተሻለው ሁለት ታሪክ፣ ከዚያ ሦስት ትንፋሽ መሳቢያ ወግ፣ እያሉ ማፈራረቅና ከእያንዳንዱ ርዕስ በታች በትንሹ «ወግ» ወይም «ታሪክ» ብሎ መጻፍ ነው። ስለ ውኃ የሆነውን ወግና ስለ ስበት የሆነውን ታሪክ ጎን ለጎን አታድርጓቸው፤ አንዱ የሌላው ማብራሪያ ይመስላል።

ቴሌግራም፣ ዲጂታል ኅትመት፣ ኦፍሴት

የቴሌግራም አንድ መልእክት 4,096 ፊደል ነው የሚይዘው፤ በአማርኛ 700 ቃል አካባቢ። አጭር ወግ በአንዱ ይገባል። 2,800 ቃል ታሪክ ግን ወደ አራት መልእክት ይቆራረጣል፤ ሽሙጥ ደግሞ ሲቆራረጥ ይሞታል፤ ሰው ሦስተኛውን ውጤት ሳያይ ያልፈዋል። ስለዚህ ወጎቹን በቻናል ልቀቁ፣ ታሪኮቹን ለመጽሐፍ ወይም ለድምፅ አቆዩ። ረጋ ብሎ ሲነበብ አንድ ታሪክ 25 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፤ ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ ለሚመላለስ ሰው የሚስማማ ርዝመት ነው። የመጽሐፉን ሙሉ ፒዲኤፍ ግን ለማንም አትላኩ፣ ለእርማት ለሚያነብ ወዳጅም ቢሆን። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱ የእናንተ ነው፤ በሕይወት ዘመናችሁና ከዚያም 50 ዓመት። ቻናል ለቻናል የሚሮጥን ፋይል ለመያዝ ግን አዋጁ ብቻውን አይበቃም።

በኅትመት በኩል ዲጂታል (ፋይሉ በቀጥታ ወደ ማተሚያው የሚገባበት) ቅጂው ቢበዛም የአንዱ ዋጋ ብዙ አይቀንስም፤ ኦፍሴት (በፕሌት፣ ማለትም ገጹ በተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ የሚታተመው) ለፕሌትና ለማስተካከያ መጀመሪያ ያስከፍላል፣ ከዚያ ይረክሳል። መሸጋገሪያውን ለማወቅ የኦፍሴቱን መነሻ ወጪ በሁለቱ የአንድ ቅጂ ዋጋ ልዩነት አካፍሉ። ለስሌት ያህል መነሻው 60,000 ብር፣ የኦፍሴት ቅጂ 180፣ የዲጂታሉ 380 ቢሆን 60,000 በ200 ተካፍሎ 300 ይመጣል። ከ300 በታች ዲጂታል፣ ከዚያ በላይ ኦፍሴት። ትክክለኛውን ቁጥር ከሦስት ማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ ወስዳችሁ ተኩ፤ ፕሮፎርማው የወረቀቱን ግራም፣ የሽፋኑን ግራምና ላሚኔሽን (የሽፋኑ ስስ ፕላስቲክ ልባስ) መኖሩን ካልጠቀሰ ለማወዳደር አይሆንም።

ፋይሉ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከሁሉ ያበሳጫል። በድሮ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ዝርክርክ ሆኖ ይከፈታል። ሁሉንም ወደ ዩኒኮድ (በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ሳይቀየር የሚከፈት የፊደል ኮድ) ቀይሩና ከዚያ «ኳ፣ ቋ፣ ጓ፣ ሟ» ያሉባቸውን ቃላት ፈልጉ፤ በለውጡ ጊዜ ቶሎ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ሁለት ነጥብ ደጋግሞ የተሠራ «፡፡» ካለ በ«።» ተኩ፤ አለበለዚያ አንዱ ነጥብ መስመር ማብቂያ ላይ ቀርቶ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። በሳይንስ ልብ ወለዱ የፈጠራችሁት ስም በ«ሰ» ይሁን በ«ሠ»፣ በ«ጸ» ይሁን በ«ፀ» አንድ ጊዜ ወስናችሁ በወረቀት ላይ ያዙ፤ የተቀያየረውን ፈልጎ መተኪያው አያገኝላችሁም። ለማተሚያ ቤት የሚሄደው ፎንቱ ውስጡ የተካተተ ፒዲኤፍ ይሁን፤ አንድ ናሙና ታትሞ በእጃችሁ ሳይገባ ፕሌት አይውጣ።

ብዛቱን ስትወስኑ ክብደቱንም አስቡ። ባለ 160 ገጹ መጽሐፍ በ70 ግራም ወረቀት ከነሽፋኑ 190 ግራም ገደማ ይመዝናል። 1,000 ቅጂ 190 ኪሎ ነው፤ በ50 በ50 ቢታሰር እያንዳንዳቸው ወደ 10 ኪሎ የሚጠጉ 20 እሽጎች። ማተሚያ ቤቱ እስኪሸጥ አያስቀምጥላችሁም፤ አከፋፋይም መጀመሪያ የሚቀበለው ጥቂት ነው፣ ሒሳቡንም የሚሰጠው ከተሸጠ በኋላ ነው። አሳንሰር የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ የወዛደሩን ሒሳብ ከመጽሐፉ ዋጋ ጋር ደምሩት። ምድር ቤት ማስቀመጥ የሚቀል ቢመስልም በክረምት ሲሚንቶው ወለል እርጥበት ስለሚስብ ከታች ያለው እሽግ ያብጣል፣ ሙጫውም ይለቃል፤ የግድ እዚያ ከዋለ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳው ሳይነካ ይደርደር።